የታይፕ ሰርተፍኬቴና የድጋው ንግግር

ይህን ጉድ ለባለቤቴ እንኳ ከግማሽ በላይ አልነገርኳትም። ለእናንተ ግን ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ፌስቡክ ላይ ማፈር ምሳ ጠረጴዛ ላይ ከማፈር ይሻላል፤ እዚህ ቢያንስ ሰው ስክሮል አድርጎ ያልፋል።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ኢንቦክስ የጻፈችልኝ አንዲት ልጅ ናት።

«ጋሼ ፍቅሬ፣ የሦስት ወር የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ልወስድ አስቤ ነበር። በዚያች ወረቀት አይቲ ውስጥ መግባት ይቻላል ወይስ ጊዜዬን ነው የማባክነው?»

የጠየቀችው ትክክለኛውን ሰው ነው። ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤታችን የአይሲቲ ኃላፊ ነበርኩ። ዲግሪ የለኝም። ዲፕሎማም የለኝም። ያለኝ በደርግ ጊዜ የወሰድኩት የሦስት ወር የታይፕ ሰርተፍኬት ብቻ ነው።

አዎ፣ ታይፕ። ያኔ ነቀምቴ ውስጥ ቴክኖሎጂ ማለት እሱ ነበር። ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ «ኪቦርድ የሚያውቀው ፍቅሬ ነው» ተባለና ካርቶኑ ሳይከፈት እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀኛል? እንዲሁ እያልኩ ጡረታ ደረስኩ።

ስለዚህ አጭሩ መልስ «ይረዳል» ነው።

ረጅሙ መልስ ግን ያሳፍራል። ሻይ ያላችሁ ሻያችሁን ያዙ።

ያደግኩት ነቀምቴ ገበያ አጠገብ በአጎቴ በብርጋ ሱቅ ውስጥ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቴ አምጥቶ ያሳደገኝ እሱ ነው። ምስማር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ የፋኖስ ክር እንሸጣለን። ኦሮምኛዬም የባንኮኒ ኦሮምኛ ነው። ዋጋ ላይ ከመጣችሁ ማንም አይረታኝም። ወሬው ከዋጋ ካለፈ ግን ፈገግ እላለሁ። ፈገግታ ብዙ ሰዋስው ይሸፍናል።

አጎቴ ባንኮኒውን ሊያወርሰኝ ቆርጧል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ምስማር ስመዝን ልጨርስ አልፈለግኩም። ቢሮ ነበር የምመኘው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጣት የማያቆስል ሥራ።

ለመንኩት፣ አኮረፍኩ፣ እንደገና ለመንኩት። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ታይፕ እንድማር ፈቀደልኝ።

የታይፕ መምህራችን ቁልፎቹን በጨርቅ ይሸፍኑና ቃሉን በየፊደሉ እየጎተቱ ይጠሩልናል። «ሰ... ላ... ም... ታ...»። እኛ እየሰማን እንመታለን። ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል ሰው እንደሚናገረው ሆኖ ሲነገር አልሰማሁም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወዲያው ታስፈልገናለች።

ሰርተፍኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ቬሪ ጉድ» ተብሎ ተጽፏል። ማኅተሙ ክብ ነው። አጎቴ አገላብጦ አየውና «ይበላል?» አለኝ።

«ያስበላል» አልኩት።

እውነትም ነቀምቴ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ፈልጎ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ሙከራውን ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ። ከወደቅኩ ባንኮኒው አለ፤ ሚዛኑም አለ፤ አጎቴም «አላልኩህም?» ለማለት አፉን አሹሎ አለ።

የቅጥሩ ቅጽ ላይ «የሚችሏቸው ቋንቋዎች» የሚል ነበረበት። አማርኛ፣ በጣም ጥሩ። እንግሊዝኛ፣ ጥሩ። ኦሮምኛ...

ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። እኔ ግን ዘለልኩ። «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው የኦሮምኛ ወረቀት በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ኦሮምኛም ያኔ የሚጻፈው በዚሁ በምናውቀው ፊደል ነበር። ደስ አለኝ። ፊደል ፊደል ነው፣ እመታዋለሁ፣ አለቀ።

ታይፑ ላይ ግን አንዲት ፊደል የለችም። ዸ።

አናቷ ላይ ሰረዝ ያላት ደ ናት፤ ድምጿ ግን የደ አይደለም። ኦሮምኛ ያለ እሷ ሁለት መስመር አይሄድም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈለግኩ። ሰርተፍኬቴ ስለ እሷ ሰምቶ አያውቅም። ምን ላድርግ? ሁሉንም በደ መታሁት።

ከኋላዬ መጥረጊያ ቆመ።

«ይሄ ሁሉ ዸ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ለሊሴ ናት፤ የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ። ዕድሜዋ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፣ የስቴንስል መጫሪያውን፣ የማባዣውን ሰም ወረቀት የምንጭርበትን ሹል ብረት፣ ከመሳቢያዬ አወጣች፣ በየደው አናት ላይ ቀጭን ሰረዝ ታሰምር ጀመር። ጫር፣ ጫር፣ ጫር። እኔ ገጹን አይቼ ሳልጨርስ እሷ ጨርሳ መለሰችልኝ።

«የት ተማርሽ?» አልኳት።

«ቤት።»

በኋላ ስንግባባ ነው የነገረችኝ። አያቷ በኦሮምኛ የተጻፈ አሮጌ የመዝሙር መጽሐፍ ነበራቸው። እሷ ማንበብ የለመደችው እሱን ለአያቷ ጮክ ብላ በማንበብ ነው። ታይፑን ደግሞ አቧራ ስትጠርግ ቁልፎቹን በቃሏ ያዘቻቸው። በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ነበር፤ መጽሐፉም የሚያድረው እህል ጎተራ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ቅጽ ላይ አይሞላም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦሮምኛ ወረቀት ሲመጣ እኔ እመታለሁ፣ እሷ ሰረዟን ታሰምራለች። ፊርማው የእኔ ነው። ዛሬ ቢሆን «ቲም ወርክ» እለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ውርደት እንግባ።

ነቀምቴ አጠገብ ድጋ በምትባል ከተማ ላይ ማንበብና መጻፍ የቻሉ ገበሬዎች ሰርተፍኬት ሊቀበሉ ሆነ። ንግግር የሚያደርጉት የእኛ አለቃ ጓድ ባይለየኝ ናቸው። ጓድ ባይለየኝ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ደግና ቁም ነገረኛ። ኦሮምኛቸው ግን ከ«አከም»፣ ማለትም ከ«እንዴት ነህ»፣ አያልፍም። ያን ሰሞን አንድ ሐሳብ መጣላቸው።

«መግቢያውን በኦሮምኛ እላለሁ። ሕዝቡ በቋንቋው ሰላም ሲባል ደስ ይለዋል» አሉ።

ጥሩ ሐሳብ ነው! የእውነቴን ነው፣ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ።

መግቢያውን አንድ መምህር በእጁ ጽፎ ላከልን። ሽማግሌዎችን፣ እናቶችን፣ ወጣቶችንና ተመራቂዎችን በየተራ «በገ ነጋን ዹፍተን» ይላል። እንኳን በሰላም መጣችሁ ማለት ነው። ነቀምቴ የኖረ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይሰማዋል። እኔም ሱቅ በር ላይ ደንበኛ ስቀበልበት ነው ያደግኩት።

ጓድ ባይለየኝ ጠሩኝ።

«ሰርተፍኬት ያለህ አንተ ነህ። ቅጽህ ላይም ኦሮምኛህ በጣም ጥሩ ነው ይላል። አነባበቡን አስጠናኝ።»

ሦስት ቀን አስጠናኋቸው። እንዴት መሰላችሁ? ልክ እንደ ታይፕ መምህሬ! አንድ ፊደል፣ ትንፋሽ፣ አንድ ፊደል። «በ... ገ... ነ... ጋ... ን... ዹ... ፍ... ተን...»። ጓድ ባይለየኝ ደግሞ ትጉህ ተማሪ ናቸው፤ ስጎትት ይጎትታሉ። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ሳያዩ አሉት።

«በገ ነጋን ዹኡኡፍተን።»

«ግሩም ነው ጓድ!» አልኳቸው።

ለሊሴ በዚያች ሰዓት መስኮት እየወለወለች ነበር። ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ፍቅሬ፣ ዹን አታስረዝማት፣ ማሎ፣ እባክህ። አጭር ናት። ስትረዝም ሌላ ቃል ትሆናለች።»

«ምን ትሆናለች?»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «አይባልም» አለች።

ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ቢሆን «ግድ የለም፣ ንገሪኝ» ይል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ለሊሴ። ቀስ ተብሎ ሲነበብ ነው ጥራት የሚኖረው።»

ብያለሁ። ስክሪን ሾት አንሡት።

ድጋ ደረስን። ሜዳው ሞልቷል። ሽማግሌዎች ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እናቶች በግራ፣ ወጣቶች በቀኝ ሣሩ ላይ ናቸው። ተመራቂዎቹ መሀል ላይ ተሰልፈዋል። ለሊሴ ሰርተፍኬቶቹን በስም ቅደም ተከተል ደርድራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። እኔ ድምፅ ማጉያው ጎን ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ።

ጓድ ባይለየኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ጃርሶሊ፣ በገ ነጋን ዹኡኡፍተን።»

ሜዳው ጸጥ አለ። እኔ ጸጥታውን አክብሮት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ወደ እናቶች ዞሩ። ደገሙት። እናቶች በአንድ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ወደ ወጣቶች ዞሩ። ደገሙት። ወጣቶች ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

ልብ በሉ፣ ያኔ ጓድ ሲናገር መሳቅ እንደ ዛሬ «ሃሃ» ሪአክት ማድረግ አይደለም። ማን ሳቀ? ለምን ሳቀ? ከጀርባው ማን አለ? ይባላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል።

ጓድ ባይለየኝ ወደ ተመራቂዎቹ ዞሩና ለአራተኛ ጊዜ አሉት። በጣም አሳምረው።

ከተመራቂዎቹ መሀል በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። እጅ ነሡ።

«ጓድ፣ ኑቲ ሂን ዹኡፍኔ» አሉ። በትሕትና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህችን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሱቃችን ውስጥ ተፋፍጎ ሲጠለል እርስ በርስ የሚወነጃጀልባት ቃል ናት።

ትርጉሟ ይኸው፦ «ጓድ፣ እኛ አልፈሳንም።»

እንግዲህ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አስሉት። ጓድ ባይለየኝ ሽማግሌዎቹን «እንኳን በሰላም ፈሳችሁ» ብለዋል። እናቶችንም እንደዚያው። ወጣቶችንም። ሌላው ፈርቶ ዝም አለ፤ ኦቦ ዋቅጅራ ግን ሰርተፍኬት ሊቀበሉ በቆሙበት ቀን ያላደረጉትን ነገር አሜን ብለው ሊቀበሉ አልፈለጉም። ሰውየው እውነት አላቸው።

ሜዳው ሊፈነዳ ሆነ። አንድ ሰው ቢስቅ ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም ከሳቀ ደግሞ ማታ የሚጠራ ስም አይጠፋም።

ያዳኑን እናቶች ናቸው። አንዲት ሴት ከግራ በኩል «እልልል!» አለች። ወዲያው ሌሎቹ ተቀበሏት። ሳቁ ሁሉ እልልታው ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ወጣቶቹ እንባቸው እየወረደ አጨበጨቡ። አንዱ ሣሩ ላይ ተንከባሎ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ብልሃት በየትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም።

ጓድ ባይለየኝ ዓይናቸው በእንባ ሞላ። የእሳቸው የደስታ ነው።

ስንመለስ ላንድሮቨሩ ውስጥ ዝም ያላሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አያችሁ? ሳይታዘዝ እልል ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም! ያ ሽማግሌስ ምን ነበር ያለኝ?»

ሾፌሩ ኦቦ ገመቹ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዟል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

«አመሰገኑ ጓድ» አለ።

«ምን አልሁና ነው እንዲህ የነካቸው?»

«ከልብዎ ስለተናገሩ ነው ጓድ» አለ ኦቦ ገመቹ፤ ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ ብዙ ሳለ።

ጓድ ባይለየኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«በሚመጣው ሳምንት ጊምቢ ከተማ ላይም ምርቃት አለ። ከአዲስ አበባም እንግዳ ይመጣል። ይኸው ንግግር ይደገማል። አንተ ደግሞ ሙከራህ ሊያልቅ ነው፤ ቋሚ አደርግሃለሁ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከየት ይገኛል?»

እስቲ ራሳችሁን እኔ ቦታ ላይ አድርጉ። እውነቱን ብነግራቸው በፈስ ምክንያት ወደ ምስማር እመለሳለሁ። ባልነግራቸው ጊምቢ ላይ፣ በአዲስ አበባ እንግዳ ፊት፣ ሕዝብን በሙሉ...

በማግስቱ ጠዋት ለሊሴ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። አልሳቀችብኝም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለጓድ ትነግረዋለህ?»

«ቋሚነቱ ይፈረምና...»

«የድጋ እናቶች ብልሆች ስለሆኑ አለፈ» አለች። «ጊምቢ አንድ ሰው ቢስቅ የሚታሰረው ማን ነው? አንተ ነህ?»

ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር እውነተኛ ነው፤ እሱ ላይ አልቀልድም።

ወረቀቱን ተቀበለችኝና መጫሪያውን አነሣች። አጭር የምትነበበው ዹ ሥር አንዲት ነጥብ፤ የምትረዝመው ላይ ምንም። አያቷ ዓይናቸው ሳይደክም ለሰው ጮክ ብለው ሲያነቡ እንዳይሳሳቱ መጽሐፋቸው ላይ በእርሳስ እንዲህ ያደርጉ ነበር አለችኝ።

«አሁን በለው።»

«ዹ... ፍ...»

«አይደለም! ሱቃችሁ በር ላይ ደንበኛ ሲመጣ እንዴት ነው የምትለው?»

«በገ ነጋን ዹፍተን» አልኩ፤ ቶሎ ብዬ፣ ሳላስብ።

«ይኸው» አለች። «ታውቀው ነበር እኮ።»

አውቀው ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ በትክክል ስለው የኖርኩትን ቃል ሰርተፍኬት ካገኘሁ በኋላ አበላሸሁት።

አዲሱን ወረቀት ይዤ ጓድ ባይለየኝ ቢሮ ገባሁ። ለሊሴ እዚያው ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር።

«ጓድ፣ ትንሽ ማሻሻያ አለ» አልኩ። «የጊምቢ ኦሮምኛ ከድጋው ፈጠን ይላል።»

አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱ፣ ገና ነው።

አስጠናኋቸው። በአጭሩ ያዙት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይህች ነጥብ ምንድን ናት?»

«አጭር ድምፅ ማለት ናት ጓድ። ነጥብ ካለ ቶሎ ይታለፋል።»

«ድንቅ ነው! ማን አወጣት?»

ለሊሴ መወልወሏን አላቆመችም፤ እጇ ግን ቀስ አለ። እያዳመጠች ነው። ስሟ ሦስት ፊደል ነው። ለታይፒስት ሦስት ፊደል ምን አላት?

«ታይፕ ትምህርት ቤት ያስተማሩን ነው» አልኩ።

እጇ እንደ ድሮው ፍጥነቱ ተመለሰ። ጠረጴዛውን ጨርሳ ወጣች።

ጓድ ባይለየኝ «የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው!» ብለው የቋሚነት ደብዳቤዬን እዚያው አዘዙ። ታይፕ የመታውም ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ።

ጊምቢ ምን ሆነ? ምንም! ሰላምታው ሰላምታ ሆነ፤ ሰዉም በሥርዓት አጨበጨበ። እልልታ አልነበረም። ጓድ ባይለየኝ እስከ ነቀምቴ ድረስ ቅር ብሏቸው መጡ።

«የጊምቢ ሕዝብ ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ለባለቤቴ ሙሉውን እነግራት ነበር። እስከዚህ ድረስ ታውቃለች። ስቃበታለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እኔ እመታለሁ፣ ለሊሴ ትጭራለች። ኦሮምኛ ወረቀት ሳይታረም የሚወጣበት መሥሪያ ቤት ሞልቶ ነበር፤ የእኛ ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም። የሌላ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ «የነጥቡ ባለሙያ» እያሉ ወረቀታቸውን ለእኔ ይልኩ ጀመር። እኔም እቀበላለሁ።

አንድ ጊዜ ሁለተኛ ታይፒስት ለመቅጠር ታሰበ። ጓድ ባይለየኝ «ያቺ የጽዳቷ ልጅ ታይፕ ትነካካለች ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰርተፍኬት የላትም» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ራሴን የማጽናናው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙም አታጽናናም። የት ተማርሽ ብትባል የምትጠራው ስም አልነበራትማ። መጽሐፉን ብትጠቅስ ቤተሰቧ ይጠየቃል። እኔ ደግሞ የምጠራው ስም ነበረኝ፤ ክብ ማኅተም ያለው። ሰርተፍኬት ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ማወቅ አለማወቅህን አይናገርም፤ «የት ተማርክ?» ላለህ ሰው መልስ ይሆንሃል እንጂ።

ታዲያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያች አንድ መልስ አርባ ዓመት ግድም እንጀራ በልቼባታለሁ።

ለሊሴ ባል አግብታ ወደ ሻምቡ ልትሄድ ሆነ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠየቀች። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ኦሮምኛ የሚያውቅ ታይፒስት እንደሚፈልግ ሰምታለች። ጓድ ባይለየኝ በቃል አጻፉኝ፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በጽዳት ሠራተኛነት በታማኝነት አገልግላለች።» ከዚያ ስብሰባ ሄዱ።

ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ፍቅሬ፣ ታይፑንም ጨምርበት፣ ማሎ» አለች። «አንድ መስመር ብቻ። እሱ ሳያነብ ነው የሚፈርመው።»

እውነቷን ነው። ጓድ ባይለየኝ እኔ የሰጠኋቸውን ወረቀት አንብበው ፈርመው አያውቁም። አንድ መስመር መጨመር ደቂቃ አይፈጅም። ግን አሰብኩ። ሻምቡ ያሉት ሰዎች «ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ቢጽፉስ? ጓድ ባይለየኝ «ነጥቧስ የማን ነበረች?» ቢሉስ? ባንኮኒው ታየኝ፣ ሚዛኑ ታየኝ።

«ያላሉትን መጻፍ አልችልም፣ ለሊሴ» አልኳት። «የሙያ ሥነ ምግባር ነው።»

የሙያ ሥነ ምግባር! እኔ ነኝ ይህን ያልኩት።

መታሁት። በዚያ ታይፕ ከመታሁት ሁሉ ንጹሑ ወረቀት እሱ ነው። ኅዳጉ የተስተካከለ፣ ፊደሉ ያልደበዘዘ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለው። አስፈርሜ ሰጠኋት።

ቆማ አነበበችው። እንደ ልማዷ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሄደችበት፤ ጣቷ እያንዳንዱን መስመር ተከተለ። ከዚያ አጠፈችውና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ስህተት የለውም» አለችኝ።

እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? «አመሰግናለሁ» አልኳት። እንደ ምስጋና ቆጥሬው፣ ፈገግ ብዬ!

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን የሚባል ሰርተፍኬት ነው የሚሰጠው?